ጣዝማ ከመሬት ሥር እንዴት ትኖራለች?

ጣዝማን የማያውቅ ገበሬ አለ ማለት ያስቸግራል። ማሩን ማለቴ ነው። ሳል ሲይዝ፣ ሆድ ሲቆርጥ፣ ቁስል አልድን ሲል «የጣዝማ ማር ፈልጉለት» ይባላል። ዋጋውም ከቀፎ ማር በብዙ ይበልጣል። ጣዝማን ራሷን ግን ማሩን በምናውቀው መጠን አናውቃትም። ማን ይወልዳታል? ምን በልታ ታድጋለች? ጎጆዋ ሲቆፈርስ ወዴት ትሄዳለች? ብለን ብንጠያየቅ ብዙዎቻችን ዝም ነው የምንለው።

የመጨረሻውን ጥያቄ አስቀድሜ ልመልሰው። ጎጆዋ ሲቆፈር ጣዝማ የትም አትሄድም። መሄድ ስለማትችል ነው። ለምን እንደማትችል ለመረዳት ግን ኑሮዋን ከሥሩ ጀምሮ ማየት ያስፈልጋል። ጽሑፉ ረዘም ይላል። ማንበብ በቅርብ የጀመራችሁ በአንድ ቀን ባትጨርሱት ግድ የለም። ግማሹን ዛሬ፣ ግማሹን ነገ አንብቡት።

ዝንብ ናት ወይስ ንብ?

አንዳንድ ሰው «ጣዝማ ዝንብ ናት» ይላል። ትንሽ ስለሆነች ነው። መጠኗ ከማር ንብ ግማሽ ቢሆን ነው። ነገር ግን ክርክሩን በቀላሉ መጨረስ ይቻላል። የሞተች ጣዝማ አንሡና ክንፏን ቁጠሩ። ዝንብ ሁለት ክንፍ ብቻ ነው ያላት። ጣዝማ ግን እንደ ማር ንብ አራት ክንፍ አላት፤ ሁለት ትልልቅ፣ ሁለት ትንንሽ። የኋላ እግሯንም ብታዩ የአበባ ዱቄት የምትሸከምበት ጠፍጣፋ ቦታ አለው። ስለዚህ ጣዝማ ንብ ናት።

ከማር ንብ የምትለየው በመንደፊያዋ ነው። መንደፊያ አላት፤ ግን በጣም ከማነሱ የተነሣ አይወጋም። እንዲህ ያሉ የማይናደፉ ንቦች በዓለም ላይ ከ500 ዓይነት በላይ ናቸው። ሁሉም የሚኖሩት ሙቀት ባለባቸው አገሮች ነው። ብዙዎቹ የዛፍ ፍልፍል ውስጥ ይኖራሉ። የእኛዋ ጣዝማ መሬት ውስጥ ትኖራለች። በኦሮምኛ ዳሙ ይሏታል። ሳይንቲስቶች ደግሞ ሜሊፖኑላ ቤካሪ ይሏታል። ቤካሪ የሰው ስም ነው፤ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1870 ወደ ከረን አካባቢ የመጣ ኢጣልያዊ የዕፅዋት ተመራማሪ ነበር። ስሙ ለንቧ የተሰጠው በ1879 ነው። አያቶቻችን ከዚያ በፊት ስንት ዘመን ጣዝማ ሲሏት እንደኖሩ እናንተው ገምቱ።

ቤቷ

የጣዝማ ቤት በር ከላይ ሲታይ ትንሽ ቀዳዳ ነው። ብዙ ሰው በላዩ ረግጦ ያልፋል። ቀረብ ብሎ ላየው ግን በቀዳዳው ዙሪያ ከሰምና ከሙጫ የተሠራ አጭር ቧንቧ አለ። ከቧንቧው ጫፍ ላይ ጥቂት ጣዝማዎች አንገታቸውን ብቅ አድርገው ይጠብቃሉ። እነዚህ ዘበኞች ናቸው። የሰው ጥላ ሲያርፍባቸው ወደ ውስጥ ይገባሉ።

ከበሩ ወደ ታች ጠባብ መንገድ ይወርዳል። ቤቱ አንዳንዱ ግማሽ ሜትር፣ አንዳንዱ ከአንድ ሜትር በላይ ጥልቀት ላይ ነው። ጣዝማ ይህን ሁሉ ጉድጓድ የምትቆፍረው ራሷ አይደለችም። ምስጥ፣ ጉንዳን ወይም አይጥ ቆፍሮ የተወውን ባዶ ቦታ ትፈልጋለች። ካገኘች በኋላ ግድግዳውን በሙጫና በጭቃ ትለስነዋለች። ውሃ እንዳይገባ፣ ጉንዳን እንዳይሰርግ ነው። ብዙ ጊዜ ከቤቱ ሥር የገባ ውሃ የሚሰርግበት ቀጭን ቀዳዳም ትተዋለች። ክረምት ሲሆን የእኛ ጓዳ ውሃ ሲቋጥር የእሷ ደረቅ ነው!

ሰሙን ከየት ታመጣዋለች? ከገላዋ ነው የምታወጣው። የማር ንብ ሰም የሚወጣት ከሆዷ በታች በኩል ሲሆን ጣዝማ ግን ከሆዷ በላይ፣ ከጀርባዋ በኩል ታወጣለች። ይህንን ሰም ከዛፍ ከለቀመችው ሙጫ ጋር ትለውሰዋለች። የጣዝማ ሰም ጠቆር የሚለው፣ ሲዳሰስም የሚያጣብቀው ለዚህ ነው።

ቤቱ ውስጥ ሁለት ክፍል አለ በሉ። መካከሉ የልጆች ማሳደጊያ ነው። ትንንሽ ጉርጓዶች ያሉባቸው የሰም እንጀራዎች አንዱ በአንዱ ላይ በአግድም ተደራርበዋል። ዙሪያቸውን እንደ ወረቀት በሳሱ የሰም ልባሶች ተሸፍነዋል፤ ይህ ለሙቀት ነው። ከዚያ ውጭ ደግሞ ጓዳው አለ። ጓዳው ውስጥ የማር ንብ እንጀራ የለም። ያሉት ድቡልቡል፣ አፋቸው የተዘጋ ጥቃቅን ቅሎች የሚመስሉ የሰም ዕቃዎች ናቸው። ገሚሶቹ ማር፣ ገሚሶቹ የአበባ ዱቄት ይዘዋል።

አውራዋ እናት ናት

በአገራችን የንብ አለቃ «አውራ» ትባላለች። ስሙ የወንድ ነው። ባለቤቲቱ ግን ሴት ናት፤ በቤቱ ያሉት ሁሉ ማለት ይቻላል የእሷ ልጆች ናቸው። በጣዝማም ቤት እንዲሁ ነው። አንዲት አውራ፣ ከመቶዎች አንሥቶ እስከ ጥቂት ሺህ የሚደርሱ ሠራተኛ ሴቶች፣ አልፎ አልፎ ደግሞ ድንጉላዎች አሉ። ድንጉላ ወንዱ ነው። ሥራው አውራን ማጥቃት ብቻ ነው።

ሠራተኞቹ ሥራ የሚለዋወጡት በዕድሜ ነው። ከጉርጓዷ አዲስ የወጣች ጣዝማ ከቤት አትወጣም። ሰም ትሠራለች፤ ልጆች የሚያድጉበትን ጉርጓድ ታበጃለች። ዕድሜዋ ሲጨምር የመጣውን ምግብ ትቀበላለች፣ ቆሻሻ ታወጣለች፣ ዘበኛ ትሆናለች። ሜዳ ወርዳ አበባ የምትቀስመው በመጨረሻ ነው። ውጭ ጉንዳኑም፣ ወፉም፣ ዝናቡም አለ። ወደ አደጋ የሚላኩት እንግዲህ ትልልቆቹ ናቸው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ወጣት አውራ በሕይወቷ የምትበርበት ጊዜ አለ፤ ድንጉላ ለማግኘት ስትወጣ ነው። ተጠቅታ ከተመለሰች በኋላ ሆዷ በእንቁላል ይነፋል። ክንፏ ያው ነው፤ ሆዷ ግን ከክንፏ አቅም በላይ ይሆናል። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስክትሞት ድረስ አትበርም። የማር ንብ አውራ እንዲህ አይደለችም። ቀፎው ጭስ ሲበዛበት ወይም ጉንዳን ሲገባበት የማር ንብ አውራዋን ይዞ ይኮበልላል፤ ሌላ ቦታ ሄዶ ይሰፍራል። ጣዝማ መኮብለል አትችልም። እናቲቱ መሬት ውስጥ ናት፤ እዚያው ትቀራለች።

ከእንቁላል እስከ ክንፍ

የማር ንብ ልጆቿን የምትመግበው በየጊዜው እየተመላለሰች ነው። እጩ ጉርጓድ ውስጥ ተኝቶ ሠራተኞቹ ያጎርሱታል። (እጭ ማለት ከእንቁላል የወጣው፣ ትል የሚመስለው ማለት ነው።) የጣዝማ አሠራር ሌላ ነው። ሠራተኞቹ መጀመሪያ አዲስ ጉርጓድ ይሠራሉ። ከዚያ እየተፈራረቁ ከአፋቸው ቀጭን ገንፎ የመሰለ ምግብ ይጨምሩበታል። ምግቡ ማር፣ የአበባ ዱቄትና ከራሳቸው ዕጢ የሚወጣ ፈሳሽ የተደባለቀበት ነው። ሲሞላ አውራዋ ትመጣና በምግቡ ላይ አንድ እንቁላል ትጥላለች። እንቁላሉ በፈሳሹ ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ወዲያው አንዲት ሠራተኛ የጉርጓዱን አፍ በሰም ትዘጋዋለች።

ከዚህ በኋላ ማንም አይከፍተውም። እንቁላሉ ይፈለፈላል። እጩ የተሰናዳለትን ስንቅ ብቻውን ይበላል። በልቶ ሲጨርስ ድር የመሰለ ልባስ በራሱ ላይ ይሠራና ሙሽሬ ይሆናል። ሙሽሬ ማለት የማይበላ የማይንቀሳቀስ፣ ውስጥ ውስጡን ግን እግርና ክንፍ የሚያበቅል ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ሠራተኞቹ የጉርጓዱን ሰም ከላዩ ፍቀው ይወስዱታል፤ ለሌላ ጉርጓድ ይሠሩበታል። ሰም አይባክንም። በመጨረሻ ክንፍ ያላት ጣዝማ ልባሱን በጥርሷ ቀዳ ትወጣለች። ያ ጉርጓድ ዳግመኛ ልጅ አያሳድግም፤ ፈርሶ በቦታው ሌላ ይሠራል።

ይህ ሁሉ ስንት ቀን ይፈጃል? ሠራተኛ የማር ንብ ከእንቁላል እስከ ክንፍ 21 ቀን ይበቃታል። የማይናደፉ ንቦች ግን ከአንድ ወር በላይ ነው የሚፈጅባቸው። ስለዚህ አንድ የጣዝማ ቤት ሰው ቢጎዳበት ቶሎ አይተካም።

አውራ የምትሆነዋ ከሌሎቹ የተለየች እንቁላል አይደለችም። ሠራተኞቹ ከእንጀራው ዳር ሰፋ ያለ ጉርጓድ ሠርተው ብዙ ምግብ ይሞሉበታል። በዚያ ጉርጓድ ያደገችው አውራ ትሆናለች። አሮጊቷ አውራ ስትሞት ወጣቷ ትተካለች። ስለዚህ ቤቱ ካልተነካ ለብዙ ዓመት ይኖራል። በዚህ ነገር ጣዝማ በአውሮፓ ካለው ቦምቡስ ከተባለው ትልቅ ጸጉራም ንብ ትሻላለች። እሱም እንደ ጣዝማ የመሬት ጉድጓድ ይወዳል። ነገር ግን ቤቱ የአንድ በጋ ቤት ነው። ብርድ ሲመጣ እናቲቱም ሠራተኞቹም ይሞታሉ። የተጠቁ ወጣት አውራዎች ብቻ ለየብቻቸው አፈር ውስጥ ተኝተው ብርዱን ያሳልፋሉ፤ በሚቀጥለው ዓመት እያንዳንዷ ብቻዋን ቤት ትጀምራለች። በእኛ አገር ቦምቡስ የለም።

ጎጆ መውጣት

የማር ንብ ሲበዛ አሮጊቷ አውራ መንጋውን ይዛ ትወጣለች፤ ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ የምናየው እሱ ነው። ያ መንጋ ሩቅ ሊሄድ ይችላል። ባዶ ቀፎ ሰቅለን ብንጠብቅ ከማናውቀው ቦታ መጥቶ ይገባል።

ጣዝማ የምትበዛው ግን ልጅ ጎጆ እንደሚወጣው ነው። መጀመሪያ ጥቂት ሠራተኞች ባዶ ጉድጓድ ፈልገው ያገኛሉ። ስንጥቁን በሙጫ ይደፍናሉ። ከዚያ ከእናት ቤት ሰምና ሙጫ በእግራቸው፣ ማር በሆዳቸው እየጫኑ ይመላለሳሉ። ወጣቷ አውራ የምትመጣው ቤቱ ከተሰናዳ በኋላ ነው። ድንጉላዎች ከአዲሱ በር ፊት ለፊት ተሰብስበው ይጠብቋታል። አሮጊቷ እናት መብረር ስለማትችል እዚያው እናት ቤት ትቀራለች። አዲሱ ቤት ራሱን እስኪችል ድረስ፣ አንዳንዴ ለሳምንታት፣ ስንቅ የሚመጣለት ከእናቱ ቤት ነው። ተጋቢዎች ድስቱንም፣ ዱቄቱንም ከቤተ ዘመድ እንደሚወስዱት ማለት ነው።

እንግዲህ ይህን አስቡት። ስንቅ እየተመላለሰ የሚወስድ ሰው ሩቅ አገር ጎጆ አይወጣም። የጣዝማ ልጅ ቤት ከእናቱ ቤት ብዙ አይርቅም። በአንድ ኮረብታ ላይ ያሉት የጣዝማ ቤቶች ሁሉ ተቆፍረው ካለቁ ከሩቅ መጥቶ የሚተካቸው መንጋ የለም። እናት ቤቱ የተቆፈረውም ልጁ ጎጆ በወጣ ሰሞን ከሆነ ሁለቱም ይጠፋሉ።

ዶማው ሲመጣ

ማር ቆፋሪው በሩን ካገኘ በኋላ መንገዱ እንዳይጠፋበት ቀጭን እንጨት ወይም ሣር እያስገባ ይቆፍራል። ቤቱ ላይ ሲደርስ የማሩን ቅሎች ይለቅማል። የልጆቹ እንጀራ አይበላምና ይጥለዋል። አውራዋም ከአፈሩ ጋር ትወጣለች። አትበርም፤ ትንፏቀቃለች። የፈሰሰው ማር ጉንዳን ይጠራል። ትንንሽ ዝንቦችም መጥተው በተበተነው የአበባ ዱቄት ላይ እንቁላላቸውን ይጥላሉ። ማታ ከሜዳ የሚመለሱት ሠራተኞች በሩ የነበረበት ቦታ ላይ ሲዞሩ ያመሻሉ።

ከዚህ ሁሉ የተገኘው ማር ስንት ነው? ከጥሩ የማር ንብ ቀፎ ከሚቆረጠው ጋር አይወዳደርም፤ ጥቂት ነው። ውድ የሆነውም ስለዚህ ነው። ውድ መሆኑ ደግሞ ቆፋሪ ያበዛል። ቆፋሪ ሲበዛ ጣዝማ ይጠፋል፤ ሲጠፋ ዋጋው ይጨምራል። የደን መመንጠርና የፀረ ተባይ መርጨት ሲታከልበት ነገሩ ይብሳል።

«እኔ ባልቆፍረው ሌላው ይቆፍረዋል» የሚል ሰው አይጠፋም። እውነቱን ነው። አንድ ሰው ብቻውን ቢተወው ማሩ የሌላ ሰው ነው የሚሆነው። ስለዚህ ነገሩ የአንድ ሰው ብቻ አይደለም፤ በማኅበር ስብሰባ ላይ ተነሥቶ በአካባቢው ስንት ቤት እንደቀረ ቢቆጠርና ማን ምን እንደሚጠብቅ ስምምነት ቢደረግበት ይሻላል። የተራቆተ መሬት ከሰውና ከከብት ተከልሎ ሣሩ የሚመለሰው እንዲሁ ተስማምቶ በመጠበቅ አይደለም እንዴ?

ስለ ማሩ ጥቂት

የጣዝማ ማር ቀጭንና ጎምዘዝ ያለ ነው። ከቀፎ ማር ይልቅ ውሃ ይበዛበታል። ስለዚህ ቶሎ ይቦካል። ንጹሕና ደረቅ በሆነ፣ በደንብ በሚከደን ጠርሙስ ማስቀመጥ ይገባል። እርጥብ ማንኪያ አይግባበት።

መድኃኒትነቱስ? በጎንደር ተሠርቶ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2013 የታተመ ጥናት የጣዝማ ማር በቤተ ሙከራ ውስጥ ቁስልንና ሌላ በሽታን የሚያመጡ አንዳንድ ባክቴሪያዎችን እንዳይራቡ እንደሚያግድ አሳይቷል። አባቶቻችን ያሉት ከንቱ አልነበረም ማለት ነው። ሆኖም በቤተ ሙከራ ዕቃ ላይ የታየና በሰው ገላ ውስጥ የሚሆነው አንድ አይደለም። የሚያመረቅዝ ቁስል፣ የማይለቅ ሳል ያለበት ሰው ጤና ጣቢያ ይሂድ። አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ደግሞ የጣዝማም ሆነ የማር ንብ ማር በፍጹም አይሰጠውም። በማር ውስጥ የሚገኝ የባክቴሪያ ዘር ሕፃንን ሊገድል ይችላል።

ከመሬት ወደ ሣጥን

ጣዝማ በሰው እጅ መኖር ትችላለች። በሆለታ ያለው የንብ ምርምር ማዕከል ጣዝማን ከጉድጓድ አውጥቶ በሣጥን የማኖር ሙከራ አድርጓል። ሣጥኑ ትንሽ ነው፤ ጣውላው ግን ወፈር ማለት አለበት። መሬት ውስጥ ሙቀቱም ብርዱም አይለዋወጥምና ጣዝማ ቀን የሚያቃጥል፣ ሌሊት የሚያቀዘቅዝ ቤት አትችልም። ጥላ ያስፈልጋታል።

ማዛወር የሚሻለው አበባ ሞልቶ ሳለ ነው፤ የፈረሰውን ለመጠገን ምግብ ያስፈልጋቸዋል። ቁፋሮው ከጎን በኩል ቀስ ብሎ ይሁን። የልጆቹ እንጀራ ሲወጣ እንደ ነበረ ቀጥ ብሎ ይያዝ፤ አይገልበጥ። እንቁላሉ በፈሳሽ ምግብ ላይ መቆሙን አስታውሱ። ከተገለበጠ ይሰምጣል፤ ልጁ ይሞታል። አውራዋን ፈልጉ። ሆዷ የተነፋ ስለሆነ ትለያለች። በእንጀራው ላይ ካለች ሳትነኳት ከነእንጀራው አስገቧት። ካልተገኘች ቤቱ ተስፋው ጥቂት ነው። የፈነዳ የማር ቅልና የተበተነ የአበባ ዱቄት ሣጥን ውስጥ አይግባ፤ ጉንዳንና ዝንብ ይጠራል። ያልፈነዱት ይግቡ። የድሮውን የበር ቧንቧ ከተቻለ ነቅሎ በሣጥኑ ቀዳዳ ላይ መለጠፍ ጥሩ ነው፤ በሽታው ያውቁታል።

ሣጥኑ እስኪመሽ ድረስ ጉድጓዱ የነበረበት ቦታ ላይ ይቀመጥ። ሜዳ የዋሉት ሠራተኞች ተመልሰው ይግቡ። እግሩ ሥር አመድ ወይም ዘይት አድርጉ፤ ጉንዳን እንዳይወጣ። ማሩን ለመቁረጥ አትቸኩሉ። ሲደርስም ሁሉንም አትውሰዱ፤ ለክረምት ስንቅ ተዉላቸው።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሣጥኑን ከፍቶ ማየት አያስፈልግም። በሩን ብቻ ተመልከቱ። ሠራተኞቹ በእግራቸው የአበባ ዱቄት ይዘው የሚገቡ ከሆነ፣ በቀዳዳውም ላይ አዲስ የሰም ቧንቧ መሥራት ከጀመሩ፣ ጥሩ ምልክት ነው።